«ተገናኝቷል» — ከማን ጋር?

በቤት ሞዴም መመሪያዎች አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ብዙውን ጊዜ የሚመዘኑት በአመሠራረታቸው ነው። ቃሉ ከግእዝ ተወስዷል ወይስ ከአማርኛ ተገኝቷል፣ ለአፍ ይቀላል ወይስ ይከብዳል፣ ከባዕዱ ቃል ጋር ይመጣጠናል ወይስ ይጎድለዋል እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ከክርክሩ ተለይተን አናውቅም። ቃሉ ከመዝገብ ወጥቶ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያሠራው ግን እምብዛም አልተመረመረም። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ለሂስ የመረጥነው ጽሑፍ ልብ ወለድ ወይም ግጥም አይደለም። በቤት ያለው ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተጠቃሚው በሞዴሙ ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚዘረዝር፣ ከመሣሪያው ጋር ተጣጥፎ የሚመጣ የአንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት ማን ሐያሲ ያነበዋል የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። ግጥሙን አዛብቶ የተረዳ አንባቢ የሚያጣው ግጥሙን ብቻ ነው፤ መመሪያውን በትክክል አንብቦ የተሳሳተ ሥራ የሠራ አንባቢ ግን በቋንቋው ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

ሀ. የሆነው ነገር

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። እንግሊዝኛ አያጡም፤ ነገር በአማርኛ ተጽፎ ሳለ በሌላ ቋንቋ ማንበብን ግን አይወዱም። ልጃቸው በውጭ አገር ስለምትኖር የልጅ ልጆቻቸውን የሚያዩት በእጅ ስልካቸው ነው። አንድ ዓመት ለፋሲካ ቤቱ ሲጸዳ ቁም ሣጥኑ ከቦታው ተነሥቶ ተመለሰ፤ በዚያው ማታ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው መመሪያውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። የመጀመሪያው ተራ ቁጥር መሣሪያው «መገናኘቱን» እንዲያረጋግጡ ያዛል። በእጅ ስልካቸው ላይ የዋይፋይ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩም «ተገናኝቷል» የሚል ቃል አለ። አረጋገጡ። ሁለተኛው «መስመር» መኖሩን እንዲያዩ ያዛል። የቤቱን ስልክ አንሥተው አዳመጡ፤ ይጮኻል። ሦስተኛው ችግሩ ካልተወገደ መሣሪያውን «ዳግም እንዲያስጀምሩ» ያዛል። በወረቀቱ ጀርባ ባለው ሥዕል ላይ በሞዴሙ ኋላ ወደምትገኝ ጠባብ ቀዳዳ የሚያመለክት ቀስት አለ፤ በቀስቱ ጫፍም «ዳግም ማስጀመሪያ» ተብሎ ተጽፏል። መርፌ ፈልገው አስገቡና መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እስኪበሩ ድረስ ተጭነው ያዙ።

ከዚያ በኋላ «ተገናኝቷል» የሚለውም ጠፋ። ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወሉ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ኮኔክት አድርጎ ነበር?» አለቻቸው ሠራተኛዋ።

«አድርጎ ነበር፣ ልጄ።»

«መስመርስ አለ?»

«አለ፤ ስልኩ ይጮኻል።»

«እንግዲያው ከእኛ በኩል ሊሆን ይችላል። ባለሙያ እስኪመጣ ይጠብቁ።»

ጠበቁ። ባለሙያው የመጣው በአምስተኛው ቀን፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያገኘውም ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ከስፕሊተሩ ወደ ሞዴሙ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ቁም ሣጥኑ ሲገፋ ከመሰኪያው ወጥቶ ነበር፤ ይህንን መልሶ መሰካት በጣት የሚሠራ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ያመጣው መመሪያው ነው፤ መርፌዋ በሞዴሙ ውስጥ ተመዝግቦ የነበረውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ የቤቱንም የዋይፋይ ስም ጨምራ አጥፍታዋለች። መምህሩ እያንዳንዱን ትእዛዝ ቃሉ እንደሚለው ፈጽመዋል፤ ሠራተኛዋም በተሰጣት መልስ መሠረት ተገቢውን ነግራቸዋለች። ሁለቱን ያሳሳቱት በመካከላቸው ያሉት ቃላት ናቸው።

ለ. «ተገናኘ» ያለ «ከ… ጋር»

መምህሩ መመሪያውን ለእኛ ሲሰጡን በእርሳስ አርመውት ነበር። «መገናኘቱን» ከሚለው ቃል ሥር አስምረው፣ በተማሪ ደብተር ላይ እንደሚደረገው በኅዳጉ «ከማን ጋር?» ብለው ጽፈዋል። ሂሱ ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር ተገቢ ነው።

«ተገናኘ» ከ«አገኘ» ጋር አንድ ሥር ያለው ተደራራጊ ግስ ነው፤ ስለዚህም ሁለት ወገን ይሻል። ባለቤቱ ብዙ ቁጥር ሲሆን «ሰዎቹ ተገናኙ» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ወገኖች በባለቤቱ ውስጥ አሉና። ባለቤቱ ነጠላ ሲሆን ግን «ከ… ጋር» የግድ ነው። «መርከቡ ተገናኘ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ሰሚውን በመንገድ አቁሞታል። በእንግሊዝኛው ተመጣጣኝ ቃል እንደ ቅጽል ሆኖ ብቻውን ለመቆም ይችላል፤ ተርጓሚው ይህንን መቆም ወደ አማርኛ ሲያመጣ ግሱን ከአንድ እግሩ ለየው። ግሱ ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ ጉድለቱ ለዐይን አይታይም፤ ባዕድ ቃል ቢሆን ኖሮ አንባቢው ይጠራጠር ነበር።

ይህ የሰዋስው ጉድለት ለምን የሥራ ጉድለት እንደሚሆን ለመረዳት የነገሩን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። በስልክ ገመድ አገልግሎት የሚያገኝ አንድ ቤት ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘ ለመባል ቢያንስ አራት መጋጠሚያዎች መሟላት አለባቸው።

የመጀመሪያው የእጅ ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ከሞዴሙ ጋር የሚጋጠምበት ነው። ይህም በዋይፋይ ወይም በአጭር ገመድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሞዴሙ ለመሣሪያው ቁጥራዊ አድራሻ ያድለዋል፤ አድራሻው በብዙ ቤቶች በ192.168 የሚጀምርና ከቤቱ ውጭ የማያገለግል ነው። ኮምፒዩተሩ ይህንን አጥቶ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ሰጥቶ ከተገኘ ብልሽቱ ከዚሁ ከመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሞዴሙ በመዳብ ገመድ በኩል በስልክ ጣቢያው ካለው አቻ መሣሪያ ጋር የሚጋጠምበት ነው። ሦስተኛው ሞዴሙ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል ማንነቱን አስታውቆ ከአገልግሎት ሰጪው የመግቢያ ፈቃድ የሚያገኝበት ነው። አራተኛው ሰው የሚጽፈው የገጽ ስም ወደ ቁጥራዊ አድራሻ የሚፈታበት፣ በባለሙያዎች ዘንድ ዲ.ኤን.ኤስ. ተብሎ የሚጠራውና እ.ኤ.አ. በ1983 የተነደፈው ሥርዐት ነው። ሦስቱ ተሟልተው ይህ አራተኛው ብቻ ቢጎድል ዕቃው ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ በስሙ የሚከፈት ገጽ አይኖርም።

እንግዲህ በመምህሩ የእጅ ስልክ ላይ ያለው «ተገናኝቷል» የተናገረው ስለ መጀመሪያው መጋጠሚያ ብቻ ነው። የወጣው ገመድ ያለው ከሁለተኛው ላይ ነው። ቃሉ አልዋሸም፤ ግን ከአራቱ ስለ የትኛው እንደሚናገር አልገለጸም። መመሪያው «ስልክዎ ከሞዴሙ ጋር መያያዙን ይመልከቱ» ብሎ ቢሆን ኖሮ አንባቢው ቀጥሎ «ሞዴሙስ ከማን ጋር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ጥያቄውም ዐይኑን ወደ ገመዱ በመራው ነበር።

ሐ. ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥያቄ

ይህንን አካፋፍሎ የማየት ልማድ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነው ሊባል አይችልም። በአዲስ አበባ ቤቶች መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የሚል ነው። አንዱ በመስኮት ወደ ጎረቤት ያያል፤ ሌላው ወደ ቆጣሪው ይሄዳል። ውኃ ሲጠፋም እንዲሁ ከቧንቧው፣ ከታንከሩና ከዋናው መስመር የትኛው እንደሆነ ይለያል። ይህ በማንም ያልተተረጎመ፣ ከኑሮ የተገኘ የብልሽት ፍለጋ ሥርዐት ነው። የሞዴሙ መመሪያ በዚህ ላይ ቢመሠረት ኖሮ አንባቢው የሚያውቀውን ሥራ በአዲስ ዕቃ ላይ ይሠራው ነበር።

በአንጻሩ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው አነጋገር ፍለጋን የሚዘጋ ነው። ገመድ ተቆርጦም፣ ኮምፒዩተር ተበላሽቶም፣ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ረስቶም «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ባለጉዳዩም ወደ ቤቱ ይመለሳል። «ኔትወርክ የለም» የሚለውም ወደዚሁ እየተጠጋ ነው። የእነዚህ አነጋገሮች ጉዳት ባዕድነታቸው ሳይሆን ስፋታቸው ነው፤ ሁሉን ነገር የሚል ቃል ለሚጠይቅ ሰው ምንም አልነገረውም።

ስለ ሥራው ስም አንድ ነገር እንጨምር። በአማርኛ የተዘጋጁ የእጅ ስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ይህንን ዐይነት ሥራ «መላ መፈለግ» ይሉታል። ቃሉ ያማረ ነው፤ የሕዝብም ነው። ነገር ግን መላ የሚፈለገው ችግሩ ከታወቀ በኋላ ነው። ከመላው በፊት የሚመጣው ሥራ፣ ማለትም ብልሽቱ ከየት እንደሆነ መለየት፣ በስሙ ውስጥ የለም፤ መመሪያዎቹም ስማቸውን ተከትለው ቦታውን ሳይለዩ ወደ መላው ይሮጣሉ። «እንከን ፍለጋ» እንዳንል ይህ በአማርኛ የሰውን ጉድፍ ለሚቆጥር ሰው የተያዘ ነው። በጋራዥና በሬዲዮ ጥገና ቤት እንደሚባለው «ብልሽት መፈለግ» ቢባል ሥራው በቅደም ተከተሉ ይጠራል እንላለን።

መ. «መስመር» እና «ገመድ አልባ»

«መስመር አለ?» የሚለው ጥያቄ ለመምህሩ የቀረበላቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በወረቀት፣ አንድ ጊዜ በስልክ። ሁለቱንም ጊዜ በእውነት መልሰዋል። ስሕተቱ የመጣው «መስመር» በአንድ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገር ስለሚል ነው። ወደ ቤቱ የሚገባው ሽቦ መስመር ይባላል፤ በስልኩ ጆሮ ላይ የሚሰማው ጩኸት መስመር ይባላል፤ ሞዴሙ ከጣቢያው ጋር ያለው የመረጃ ጎዳናም መስመር ይባላል። ገመዱ ከስፕሊተሩ ወዲህ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይኖራሉ፤ ሦስተኛው ይጠፋል። ስለዚህ የስልክ ጩኸት ለሞዴሙ ምስክር ሊሆን አይችልም። ምስክሩ ከሞዴሙ ፊት ያለው የራሱ መብራት ነው፤ መመሪያው ግን ስለ መብራቶቹ የሚናገረው ከወረቀቱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ነው።

«ገመድ አልባ» የሚለው ስያሜ ደግሞ በሌላ መንገድ አሳስቷል። ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም፤ «አልባ» ከስም ጋር እየተጫነ ቅጽል ማበጀቱ የቆየ ልማድ ነው። ዳሩ ግን መመሪያው አገልግሎቱን በጠቅላላ «ገመድ አልባ ኢንተርኔት» ብሎ ሰይሞታል። በእውነቱ ገመድ የሌለው በሞዴሙና በእጅ ስልኩ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጣቢያው ድረስ ያለው ሁሉ ገመድ ነው። መምህሩ ቁም ሣጥኑን ስለ ምን እንዳላስነሡ ብንጠይቃቸው «ገመድ አልባ ነው ተብሎ ተጽፎ ሳለ ገመድ ልፈልግ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቅጽሉ የሚገባው ለመጋጠሚያው እንጂ ለአገልግሎቱ አይደለም።

ሠ. «ዳግም» የሚሠራው ጥፋት

የወረቀቱ ከባዱ ስሕተት ይህ ነው። ሞዴምን አጥፍቶ ማብራት አንድ ነገር ነው፤ በሞዴሙ ውስጥ ሰው የመዘገበውን ሁሉ አጥፍቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። አንደኛው ሱቁን ዘግቶ እንደመክፈት ነው፤ ሁለተኛው የሱቁን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ እንደመጣል ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው፤ የአማርኛው ተርጓሚ ግን በሁለቱም ላይ ያለውን የመድገም ምልክት «ዳግም» ብሎ፣ የቀረውን «አስጀመረ» ብሎ አንድ አደረጋቸው። ይህ የአንድ ተርጓሚ ስሕተት ብቻ አይደለም። በእጅ ስልክ ገጾች ላይም ማጥፋትና ማብራቱን፣ መዝገብ ማጥፋቱንም በዚሁ ግስ ተጠርተው እናገኛቸዋለን።

«ዳግም» በግእዝ ሁለተኛ ማለት ነው፤ በአማርኛም «ዳግማይ»፣ «ዳግም ምጽአት» በምንልበት ጊዜ ክብሩን ይዞ ይኖራል። አሁን ግን ለባዕዱ ቅድመ ግንድ ምትክ ሆኖ ከየግሱ ፊት ይሰካል፤ ዳግም ጫን፣ ዳግም ሞክር፣ ዳግም አገናኝ፣ ዳግም አስጀምር ይባላል። አማርኛ ለዚህ «እንደገና» እና «መልሶ» አለው። ይሁንና ዋናው ነገር ምርጫው አይደለም፤ ምልክቱ ግሱን የተካው መሆኑ ነው። ተርጓሚው መደገሙን ሲተረጉም ድርጊቱን ረሳ። ሁለቱን ድርጊቶች የሚለያቸው ግን መደገማቸው ሳይሆን ከተደገሙ በኋላ የሚቀረውና የሚጠፋው ነገር ነው።

ስለ ግሱ ቅርጽም የምንለው አለ። «አስጀምር» ለአንድ ወንድ፣ ለእኩያ ወይም ለታናሽ የሚነገር ትእዛዝ ነው። የአማርኛ ትእዛዝ ጾታንና ክብርን ሳይናገር አያልፍም። ስለዚህ ይህ ቅርጽ በቁልፍ ላይ ሲጻፍ ለሴቷ ስሕተት፣ ለሽማግሌው ድፍረት ይሆናል። በወረቀቱ ላይ «ያስጀምሩ»፣ በሥዕሉ ላይ «ማስጀመሪያ»፣ በስልኩ ላይ «አስጀምር» መባሉ አንድን ነገር ሦስት አስመስሎታል። ለቁልፍና ለቀዳዳ «ማብሪያ»፣ «ማጥፊያ» እንደሚባለው በ«መ—ያ» የሚበጀው የመሣሪያ ስም ይበቃል፤ ይህም ማንንም አያዝም፣ ማንንም አያሳንስም።

ረ. ባዕዱን ቃል ስለመያዝ

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ሪስታርትና ሪሴት ብለን ብንተው አይሻልም ወይ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በበኩላችን ባዕድ ቃልን በባዕድነቱ ብቻ አንከስም። «ስልክ» ራሱ ከዐረብኛ የመጣና በመነሻው ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውንም ስልክ ስንል ማንም አይሰናከልም። «ሞዴም» በመነሻው የሁለት ቃላት ቁራጭ ነው፤ መረጃን በሞገድ ላይ የሚጭነውንና ከሞገድ ላይ የሚያወርደውን ሥራ ያመለክታል፤ ይሁንና የቃሉን አመጣጥ የማያውቅ እንግሊዛዊም ዕቃውን አያጣውም። «ሞዴም» እና «ራውተር» የዕቃ ስሞች ናቸው፤ ዕቃው ከፊት ተቀምጦ ስለሚታይ ስሙ ማስረዳት አይጠበቅበትም። እነዚህን ለመተርጎም መድከም አያስፈልግም እንላለን።

የድርጊት ስም ግን እንደዚህ አይደለም። ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት አይታይም፤ ሰው ከቃሉ በቀር የሚመራበት የለውም። «ሪስታርት» እና «ሪሴት» ለእንግሊዝኛ አዋቂ የተለያዩ ናቸው፤ ለማያውቀው ግን የሚቀራረቡ ሁለት ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ የቤቱን መዝገብ እንደሚያጠፋ የሚያስጠነቅቀው ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ቤቱን ከጉዳት የሚጠብቀው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ ይሆናል። አማርኛ ብቻ የሚያነቡት አባት ግን በገዛ ዕቃቸው ላይ ጥገኛ ይሆናሉ።

መልካሙንም እንመስክር። በዚሁ ወረቀት ላይ «የይለፍ ቃል» የሚለው ስያሜ እንከን የለበትም። ኬላ ላይ የሚጠየቀውን፣ በዘብ ፊት የሚነገረውን፣ «ይለፍ» ተብሎ በወረቀት የሚሰጠውን ፈቃድ አንባቢው ያውቀዋል። ቃሉ ሳይብራራ ሥራውን ይናገራል፤ ከጠፋም ማለፍ እንደማይቻል ያስታውቃል። የድርጊት ቃል እንደዚህ መሆን እንደሚችል ማስረጃው ከዚያው ከገጹ ላይ አለ።

ሰ. የምናቀርባቸው ቃላት

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያሰናዳው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ኢንተርኔት በአገራችን አገልግሎት የጀመረውም በ1989 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቤት ሞዴም ቃላት የዚያ ትውልድ ዕዳ ሳይሆን የእኛ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ለውይይት እናቀርባለን።

1. ለመጀመሪያው መጋጠሚያ «ተያያዘ»፤ ዘወትር «ከሞዴሙ ጋር» ከሚለው ሳይለይ። «ተገናኘ» የሚለው ግን አራቱ ሲሟሉ ብቻ ይነገር፤ ይኸውም «ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘ» ተብሎ።

2. ለሁለተኛው «ተቃኘ»። ሞዴሙ ከጣቢያው ጋር ሲጋጠም ከፊቱ ያለው የመስመር መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ጸንቶ ይበራል። በዚህ መካከል የሚሠራውን ሥራ የሚናገር ቃል በመመሪያው የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት የሰው ንግግር ከ4 ኪሎኸርትዝ በታች ያለውን ጠባብ ስፍራ ሲይዝ፣ የመረጃው ሞገድ ከዚያ በላይ እስከ 1100 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይዘረጋል። ይህም ስፍራ በ256 ጠባብ ክሮች ይከፋፈላል። ሁለቱ መሣሪያዎች እነዚህን ክሮች ይፈትናሉ፤ በደኅነኛው ላይ ብዙ፣ በደካማው ላይ ጥቂት መረጃ ለመጫን ይስማማሉ፤ የማይረባውን ይተዋሉ። በገና ደርዳሪ ከመዝፈኑ በፊት በ10 አውታሮች ላይ የሚሠራውን ያየ ሰው ይህ ቅኝት እንደሆነ አይጠፋውም። «አውታር»ን ወስደን «አውታረ መረብ» ካልን «ቅኝት»ን መተዋችን ያስገርማል። «መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ሞዴሙ ገና እየተቃኘ ነው፤ ካልጸና ገመዱን ይመልከቱ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የመምህሩን በዓል ያድን ነበር። ቃሉ ወሰን እንዳለው ግን እናምናለን። በመስታወት ክር ወደ ቤት ለሚገባው አገልግሎት ይህ ቅኝት የለም፤ በዚያ የሚጠየቀው ብርሃን መድረሱና አለመድረሱ ስለሆነ ቀይ መብራቱ ሲበራ «ብርሃን አልደረሰም» ማለት ይበቃል።

3. ለሦስተኛው «ይለፍ አገኘ»፤ ሳይሳካ ሲቀር «ይለፍ ተከለከለ»። «የይለፍ ቃል» ከሚለው ጋር ዘመድ ስለሆነ አንባቢው ምክንያቱን የት እንደሚፈልግ ይነግረዋል።

4. ለአራተኛው «የስም ፍቺ»። ገጹ በስሙ ሳይከፈት ሲቀር፣ በቁጥር የሚጠራው አድራሻ ግን መልስ ሲሰጥ፣ «ስሙ አልተፈታም» ይባል።

5. ለማጥፋትና ለማብራት «አጥፍቶ ማብራት»። ይህንን እኛ አልፈጠርነውም፤ ባለሙያው ሁሉ በስልክ የሚለው «አጥፍተው ያብሩት» ነው። ወረቀቱ ብቻ ነው «ዳግም ማስጀመር» የሚለው።

6. ለቀዳዳዋ «መፋቂያ»፣ ለድርጊቱ «ቅንብር መፋቅ»። ጸሐፊ ከብራና ላይ የተሳሳተውን ይፍቃል፤ ስም ከመዝገብ ይፋቃል፤ የተፋቀውን ለመመለስ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። ቃሉ ያስፈራል ለሚሉን መልሳችን ማስፈራት ይገባዋል የሚል ነው። መርፌ ይዞ ወደ ቀዳዳዋ የተጠጋ ሰው «መፋቂያ» የሚል ቢያነብ «ምን ሊፋቅ ነው?» ብሎ እጁን ይሰበስባል።

እነዚህ ቃላት ሁሉ ይጽናሉ ብለን አንመካም። ከመካከላቸው የተሻለ የሚያገኝላቸው ቢኖር ደስ ይለናል። የማንለቀው መመዘኛውን ነው፤ የመመሪያ ቃል የሚፈተነው አንባቢው ካነበበው በኋላ እጁን በትክክለኛው ቦታ ላይ በማኖሩ ነው። ስለዚህ ተርጓሚዎች ወረቀቱን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታቸው በፊት እንግሊዝኛውን ላላየ አንድ ሰው ሰጥተው፣ ገመዱን ነቅለው፣ ከጎኑ ቆመው ዝም ብለው ይመልከቱ። መርፌ ከፈለገ ወረቀቱ ገና አልተተረጎመም። የመጀመሪያውን ፈተና ለመፈተን ጎረቤታችን ፈቃደኛ ናቸው፤ ከዚህ በላይ ያሉትን ስድስት ቃላት አሳይተናቸው ወስደው በኅዳጉ ማረም ጀምረዋል። አንባቢያንም እርማታቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን።